ሁለት ባላ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ሥነ ቃል ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህችን ምሳሌያዊ ንግግር ለተማሪዎቼ ስጠቅስ ብዙ አልቆይባትም ነበር። ባላ ማለት ጫፉ ለሁለት የተከፈለ፣ ዳስና ጎጆ የሚደግፍ እንጨት ነው። አንድ ብቻ የተከለ ሰው እንጨቱ የተሰበረ ዕለት ይወድቃል፤ ሁለት የተከለ ግን የተሰበረውን እስኪተካ ድረስ በሌላው ይሰነብታል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማብራሪያ አይሻም።

ዘንድሮ ግን ይህችው ምሳሌያዊ ንግግር ዲላ ካለው ቤታችን መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠች አንዲት ጥቁር ሣጥን ጋር ተገናኝታ አዲስ ጥያቄ ወለደችብኝ። ሁለቱ ባላዎች የተቆረጡት ከአንድ ዛፍ ቢሆንስ? የተተከሉትስ በአንድ ቀን፣ በአንድ መሬት፣ ከአንድ ኩይሳ አጠገብ ቢሆንስ? ምስጥ እንደሆነ አንዱን በልቶ «ሌላውን ለባለቤቱ ልተውለት» አይልም።

ሣጥኗን ያመጣችልኝ ውጭ አገር የምትኖረው ልጄ ናት። ባለሙያዎቹ «ናስ» ይሏታል። የቋንቋ ሰው ነኝና ስሟን መጀመሪያ ስሰማ በሐሳቤ የመጣው ዕቃ የሚሠራበት ያ ቢጫ ማዕድን ነበር። ለካስ ፈረንጆቹ ከሦስት ቃላት የመጀመሪያ ፊደል ለቅመው ያወጡት ስም ኖሯል። በእኛ አነጋገር ከቤት ኔትወርክ ጋር የተያያዘች የጋራ ግምጃ ቤት ናት። በውስጧ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ ሁለት ሃርድ ዲስኮች አሉ። ባንዱ ላይ የተጻፈ ሁሉ በዚያው ቅጽበት በሌላው ላይም ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። የብዙ ዲስኮችን ኅብረት የሚመለከተውን ይህን ዘዴ «ሬይድ» ብለው ስም ያወጡለት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ናቸው፤ ጽሑፋቸው የታተመው በ1988 (እ.ኤ.አ.) ነው። የእኛ ገበሬ ባላውን ከተከለ ስንት ዘመኑ! ለዚህ ግን የሰጠው ማንም የለም።

በሣጥኗ ውስጥ ያለው ብዙ ነገር ነው። የልጆቼ የልደት ፎቶ፣ የጎረቤት ሠርግ ቪዲዮ፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች። ከሁሉ በላይ ግን 74 የካሴት ክሮች ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጠው ተቀምጠውባታል። እነዚህን ካሴቶች ከ1988 እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ከተማሪዎቼ ጋር በጌዴኦ ወረዳዎች እየዞርን የቀረጽናቸው ናቸው። ከቡሌ ደጋ የእናቶች እሹሩሩ፣ ከወናጎ የቡና ለቀማ ዘፈን፣ ከይርጋጨፌና ከኮቸሬ ተረት፣ ከገደብ የሽማግሌዎች ወግ አለበት። ቋንቋው ጌዴኡፋ ነው፤ የጌዴኦ ልጆች የሆኑት ተማሪዎቼ እየተረጎሙ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ቴፑ እየዞረ። ዋናዎቹ ካሴቶች ዛሬ የሉም ማለት ይቻላል። የዲላን ዝናብና እርጥበት የሚያውቅ ሰው ሻጋታ በካሴት ላይ ምን እንደሚሠራ አይጠይቀኝም። ከተናጋሪዎቹም አብዛኞቹ አልፈዋል። እንግዲህ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ? መጽሐፍ ያልሆነው፣ ቃልም ያልቀረው ይህ ሀብት ያለው በሁለት ዲስኮች ላይ ብቻ ነበር።

ሣጥኗ መጮኽ የጀመረችው ረቡዕ ማለዳ ነው። ባለቤቴ ቡና እየቆላች «ይኸ ሣጥንህ ምን ሆኗል? እንደ ፌንጣ ይጮኻል» አለችኝ። አረንጓዴ የነበረው መብራት ብርቱካንማ ሆኗል። ሰፈራችን ኮምፒዩተር የሚጠግን ወጣት አለና አስጠራሁት። መጣና ከላፕቶፑ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ከፈተ። ጣቱን ከአንድ መስመር ላይ አሳርፎ ዝም አለ። ሐኪም የኤክስሬይ ፊልም ይዞ ዝም ሲል ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ዲስክ እየሞተ ነው» አለኝ።

«ምን ያህል ጊዜ አለው?»

«ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ የዛሬ ዓመትም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዛሬ ነው ብዬ ነው የምሠራው።»

ይህን መልስ ወደድኩለት።

ሃርድ ዲስክ የሚባለው ነገር ሲከፈት እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ክብ ሳህን ነው። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚያነበውና የሚጽፈው መርፌ መሰል ራስ ሳህኑን አይነካውም፤ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ባነሰ ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል። ራሱ ሳህኑን የነካ ዕለት ይቧጥጠዋል፤ የተቧጠጠው አይመለስም። ሳህኑ ላይ ትናንሽ ክፍሎች በዕድሜ ሲበላሹ ደግሞ ዲስኩ ራሱ ያውቃል፤ ለዚህ ብሎ በመጠባበቂያ ካስቀመጠው ንጹሕ ቦታ ቆንጥሮ ይጥፈዋል። ድሮ እናቶቻችን የነተበ ጋቢ ጉልበቱ ጋ በእራፊ እንደሚጥፉት ማለት ነው። እራፊ የበዛበት ጋቢ ግን ምንነቱ የታወቀ ነው። ወጣቱ ጣቱን ያሳረፈበት መስመር የእራፊው ብዛት የተጻፈበት ነበር።

በ2007 (እ.ኤ.አ.) የጎግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት አለ። አንድ ዲስክ የመጀመሪያውን የፍተሻ ስሕተት ካሳየ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስሕተት ካላሳየው በ39 እጥፍ ይበልጣል ይላል። ይህ የሚያስፈራው ግማሽ ነው። የሚብሰው ግማሽ ደግሞ ይኸውላችሁ፤ ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአራቱ ዋና ዋና ምልክቶች ምንም ሳያሳዩ ነው የሞቱት። ስለዚህ የሚጮኽ ዲስክ ባለውለታ ነው፤ ሳይናገሩ የሚሄዱት ይበዛሉና።

«የመጀመሪያውስ ዲስክ ደህና ነው?» አልኩት ወጣቱን።

«ደህና ነው ጋሼ። ግን እሱም 8 ቦታ ተጥፏል። ሁለቱ መንታ ናቸው፤ ባንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው፣ ባንድ ቀን ሥራ ጀምረው፣ እኩል ሰዓት ዞረዋል።»

የምስጡ ነገር ወደ አእምሮዬ የመጣው ይህን ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ የተደረገውን በዝርዝር የማወራው ብዙ አንባቢ ዛሬ የቤተሰቡን ታሪክ በአንድ ዲስክ ወይም በአንድ ስልክ ውስጥ እንዳስቀመጠ ስለማውቅ ነው። ሰው እንዲህ ሲገጥመው መጀመሪያ የሚቸኩለው አዲስ ዲስክ ለመግዛት ነው። ወጣቱ ግን «አይሆንም» አለ። አዲሱ ዲስክ ሲገባ ሣጥኗ የቀረውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አንብባ በአዲሱ ላይ ትገለብጣለች። ይህ ለቀረው ዲስክ በዕድሜው ከባዱ ሥራ ነው። ዓመታት ሙሉ ማንም ያልነካቸው ጓዳዎቹ ሁሉ ይከፈታሉ፤ የተደበቀ ብልሽት ካለ ያን ጊዜ ይወጣል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆን፣ ምንም ከመነካቱ በፊት የማይተካው ነገር ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

የ74ቱ ካሴት ድምፅ በሙሉ 50 ጊጋባይት አይሞላም። በአንድ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ይገባል። ለማነፃፀር ያህል፣ በ1956 (እ.ኤ.አ.) አይቢኤም ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ትልልቅ ሳህኖች ነበሩት፤ ከአንድ ቶን የማያንስ ክብደት ነበረው። የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ ይሞላዋል። እኔ ደግሞ የአንድ ሕዝብን ድምፅ በሸሚዜ ኪስ ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ግልበጣው በአንድ ፋይል ላይ ደርሶ ለብዙ ደቂቃ ቆመ። ወጣቱ «ተዉት ጋሼ፣ ደጋግሞ እያነበበ ነው» አለኝ። የፋይሉን ስም አየሁት። ገደብ፣ 1991 ዓ.ም.።

ይህን ስም ሳይ ለምን እንደደነገጥኩ ለመናገር ትንሽ ወደኋላ መመለስ አለብኝ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ድንበር በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መፈናቀሉን የማያስታውስ የለም። ቤት የተቃጠለበት ሰው ስለ ላሙና ስለ ቡናው ይናገራል እንጂ ስለ ፎቶው አይናገርም፤ ያፍራል። ሬሳ ባለበት ስለ ፎቶ ማን ያወራል? ዓመታት ሲያልፉና ሕይወት በመጠኑ ስትረጋጋ ግን ያቺ ፎቶ መፈለጓ አይቀርም። ከዚያው ዲስኩ ከመታመሙ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ሰው ቤቴ መጥቶ ነበር። ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም አያልፍም። ቤተሰቡ ከገደብ ተነሥቶ ቀርጫ ይኖር እንደነበር፣ በዚያ ዓመት ቤታቸው ከነንብረቱ መቃጠሉን ነገረኝ። አባቱ ከዚያ በፊት ነው የሞቱት።

«መምህር፣ የአባቴ ድምፅ እርስዎ ጋ አለ ይባላል» አለኝ። «ፎቶውም ተቃጠለ። መልኩን ለልጆቼ የማሳይበት ምንም የለኝም።»

ቀረጻውን ፈልጌ፣ ከስሙ ጋር አስተያይቼ፣ ለቅዳሜ ቀጥሬው ነበር። እንግዲህ የቆመው ፋይል እሱ ነው።

ከ20 ደቂቃ በኋላ አለፈ። ሁለቱንም ዲስክ ሞክሮ፣ ካንደኛው ያላገኘውን ከሌላኛው ወስዶ። አንዱ ባላ በሌላው ላይ የተንጠለጠለበትን ሰዓት በዓይኔ አየሁ ማለት እችላለሁ።

ወደ ዲስክ ግዢው እንመለስ። በዲላ ገበያ የሚገኘው ባብዛኛው ያገለገለ ነው። አንዱን «አዲስ ነው» ብለው አሳዩን። ወጣቱ ከላፕቶፑ ጋር አያይዞ ዕድሜውን ጠየቀው፤ ዲስክ እንደ ሰው ዕድሜ አይደብቅም። 41,000 ሰዓት ዞሯል። ቢሰላ ሌት ተቀን ሳያርፍ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው። ሻጩም ሳይደነግጥ «ተፈትኖ ያለፈ ነው» አለን። እንዲህ ዓይነቱን አነጋገር ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ቤት አያስተምርም።

ከአዲስ አበባ እንዲመጣ ተወሰነ። ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዕቃ በማታው ተጭኖ በማግሥቱ ይደርሳል። ዋጋውን ስሰማ አንድ ጊዜ ቁጭ አልኩ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነ አንባቢም ያውቀዋልና አላደክማችሁም። ወጣቱ በስልክ ሦስት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ መጠኑ ከሚተካው ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን፤ በጥቂት ቢያንስ ሣጥኗ አትቀበለውም። ሁለተኛ፣ ከድሮዎቹ መንትዮች ጋር ባንድ ወቅት የተሠራ አይሁን። ሦስተኛ፣ አጻጻፉ «የቆርቆሮ» ዓይነት አይሁን። ይኸኛውን አልገባኝም አልኩት።

«ጋሼ፣ ጣራ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ አይደል? አንዳንድ ዲስክም ብዙ ይዞ እንዲረክስ መስመሮቹ እንደዚያ ተደርበው ይጻፋሉ። አንዱን ለመቀየር ጎረቤቶቹን ማንሳት አለበት። ፎቶ አስቀምጦ ለመተው ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ይጎተታል፣ አንዳንዴም ሣጥኗ ሰልችቷት ሞቷል ብላ ታባርረዋለች።»

ከዚህ የተሻለ ዘይቤ በንግግር ጥበብ ክፍለ ጊዜም አልሰማሁም። በኋላ እንዳነበብኩት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ዲስክ አምራቾች ይህን ዓይነቱን ሳይገልጹ ለእንደዚህ ያለ ሣጥን ጭምር ሲሸጡ እንደነበር ታውቆ ብዙ ጭቅጭቅ ተነሥቷል። ቆርቆሮውን «ድንጋይ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ መርካቶ ብቻ አይደለም ያለው።

አርብ ማታ ዲስኩ ደረሰ። የሚያስፈራው ሥራ ዊንጩን መፍታት አልነበረም፤ የቱ ዲስክ እንደሚወጣ ማወቁ ነው። የታመመውን ትቶ ጤነኛውን መንቀል ከጥርስ ሐኪም ቤትም የሚሰማ ነገር ነው። ወጣቱ የታመመውን ዲስክ መለያ ቁጥር ከስክሪኑ ላይ በወረቀት ጻፈ፤ አወጣና ከጀርባው ካለው ቁጥር ጋር እኔ ጮክ ብዬ እያነበብኩ እሱ አስተያየ። አራት ዊንጭ፣ አዲሱን ማስገባት፣ «ጠግን» የሚለውን መጫን። ሌላ ነገር የለውም።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። 4 ቴራባይት በሰከንድ 100 ሜጋባይት ሲገለበጥ 40,000 ሰከንድ፣ ማለትም 11 ሰዓት ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀመርን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ 72 ከመቶ እንደደረሰ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጮኸ። ዩፒኤስ መብራት እስኪመጣ አያኖርም፤ ሥራው ሣጥኗ የያዘችውን ጽፋ ጨርሳ በሥርዓት እንድትተኛ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው። ተኛች። እኔ አልተኛሁም። ባለቤቴ «አንተ፣ ሰው ታመመ እንዴ?» አለችኝ። ሰባ አራት ሰው ታሟል ልላት አሰብኩና ተውኩት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መብራት መጣ፤ ሣጥኗም ካቆመችበት ቀጠለች። ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ መብራቷ አረንጓዴ ሆነ።

ሰውዬው በቀጠሮው መጣ። ሁለት ልጆቹን ይዞ ነበር። ድምፁን ከፈትኩለት። አባትየው በጌዴኡፋ አንድ ተረት ይጀምራሉ። ሦስት ደቂቃ ያህል ሄዶ ከጀርባ ሕፃን ይንጫጫል፤ አባትየው ተረቱን ያቋርጡና በቁጣ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ልጁ ዝም ይላል፤ ተረቱ ይቀጥላል። ተማሪዬ በትርጉሙ ላይ «ዝም በል፣ እንግዳ አለ» ብሎ አስፍሮት ነበር። ሰውዬው እዚያች ላይ እጁን አነሣ። አቆምኩለት።

«ልጁ እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ ተረቱን ትቶ ያችን ቁጣ ሦስት ጊዜ አሰማኝ አለኝ። ልጆቹ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ባላዎቹን በቁም ነገር የቆጠርኩት። ሁለት ዲስክ በአንድ ሣጥን ውስጥ አንድ ባላ ነው። ዲስክ ሲሞት ያድናል እንጂ ሌባ ሲመጣ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ጎርፍ ሲገባ አያድንም። አንድ ሰው በስሕተት ፋይሉን ቢሰርዝ እንኳ በሁለቱም ላይ እኩል ይሰረዛል፤ መስታወት ፊትህን ስታጠፋ የሚያሳይህ የጠፋውን ፊት ነውና። ባለሙያዎቹ ደንባቸው አጭር ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

ይህን ደንብ ለመማር ፈረንጅ አገር መሄድም አያስፈልግም። እንሰት ከሚተከልበት የጌዴኦ ጓሮ መቆም ይበቃል። የሦስት ወሩ ችግኝ፣ የሁለት ዓመቱና ለመፋቅ የደረሰው ጎን ለጎን ናቸው። ዝርያውም አንድ አይደለም፤ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ሲገባ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቋቋም ይሆናል። ከአንዱ እናት ሥር ብዙ ችግኝ ይወጣል፤ ከጎረቤት ጓሮም ይተከላል። ይህን የመሰለ የአኗኗር ዘዴ ከቡናው፣ ከዛፉና ከትክል ድንጋዮቹ ጋር ነው በ2023 (እ.ኤ.አ.) የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው።

ትክል ድንጋዮቹ ደግሞ የሌላውን ወገን ትምህርት ይሰጣሉ። በጨልባ ቱቱቲ ከ1,000 በላይ ድንጋይ አለ። በሳካሮ ሶዶ የተገኙት በ2021 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት መሠረት ወደ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ይጠጋሉ። ቱቱ ፈላ ላይ ቀድሞ በአንድ ቅርጽ የተጠረቡ ድንጋዮች በኋላ ዘመን ሰው እንደገና ተጠርበው የሰው መልክ ተሰጥቷቸዋል፤ በተጻፈ ዲስክ ላይ እንደገና መጻፍ ማለት ነው። ዕቃው እንደ ድንጋይ ጸንቶ ሁለት ሺህ ዓመት ቆሟል፤ ጽሑፍ ግን የለበትምና ከሥሩ የተኛው ሰው ስም አልቆመም። ዕቃ ማቆየትና ነገር ማቆየት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ነገር ማቆየቱን የሠሩበት ሰዎችም አሉን። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ሲጀመር፣ መጽሐፉ ለገዳሙ ቀርቶ ፊልሙ ተነሥቶ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተነሥተዋል። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት እዚያ ተቀምጠው ብዙዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝረዋል። ሦስት ባላ፣ በሦስት ቦታ፣ ከሦስት ዛፍ። አብዮትም ጦርነትም በዚያ መካከል አልፏል።

እኔም ሦስተኛውን ባላ ተከልኩ። አንድ ዲስክ ልጄ ስትመለስ ይዛ ሄደች። የቀረውንም አሮጌ መንታ በሌላ ለወጥኩት። ከዚህ በላይ ግን የማሰላስለው አራተኛውን ነው፤ ድምፁን ለባለቤቶቹ መመለሱን። ዛሬም በማስተማር ላይ ያለ አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ተቆጣ። «ያልታተመ ጥሬ ሀብትህን በየገጠሩ ብትበትነው ነገ ሌላው መጽሐፍ አድርጎ ያወጣዋል። ያንተ መሆኑን በምን ታስረዳለህ?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በዚህ አገር የሰው ድካም በሌላ ሰው ስም ታትሞ ሲወጣ ብዙ አይተናል። ግን «ያንተ» የምትለው ቃል ጎረበጠችኝ። የእኔ ቴፑ ነው፤ የእኔ ባትሪውና ጭቃ የረገጠው ጫማ ነው። እሹሩሩው የማን ነው?

ሁሉም አይሰጥም። በሶንጎ ጥላ ሥር የተቀረጸ የቤተሰብ ጠብ አለ፣ የጎረቤት ገመና አለ፤ ያ ሲከፈት የሚያስታርቅ ሳይሆን የሚያጣላ ነው። ስለዚህ እየለየሁ ነው። ለየቤቱ የየራሱን ብቻ፣ በአንድ ትንሽ ፍላሽ፣ ስምና ዓመቱ ተጽፎበት። ቡሌ ላይ ለአንዲት ወጣት የአያቷን እሹሩሩ ሰጥቻት በሳምንቱ ስደውልላት፣ አክስቶቿ በሙሉ በቴሌግራም እንደተቀባበሉት ነገረችኝ። እኔ በአንድ ሌሊት አንድ ቅጂ ለማውጣት ደም የተፋሁበትን ነገር እነሱ በአንድ ሳምንት ስንት እንዳደረጉት አልተቆጠረም።

አንባቢ ሆይ፣ ያንተም ቤት ብቸኛ ቅጂ አይጠፋም። የእናትህ ድምፅ ባንድ አሮጌ ስልክ ውስጥ፣ የአባትህ ደብዳቤ ባንድ ሻንጣ ውስጥ። ፍላሽም ይሞታል፣ ዲስክም ይሞታል፣ እኔም እሞታለሁ፤ ቀኑን የሚያውቅ የለም። ቡሌ ያለችው ወጣት ግን ወልዳ ነበር። አያቷ በዚያ ካሴት ላይ የሚያዜሙትን አሁን በቃሏ ይዛ ለልጇ ታዜመዋለች፤ ለዚያ መብራትም ዩፒኤስም አያስፈልገውም።